ክፍሌ «ፊሺንግ እንሂድ» ሲል

ሰውዬው ሰካራም አይደለም፣ ነገረኛ አይደለም፣ የሰው ሚስት ቀና ብሎ አያይም። እንዲያም ሆኖ በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በስካይላይን ፎቆች የሚኖረው አበሻ የክፍሌን ስም ስልኩ ላይ ሲያይ ልቡ ስንጥቅ ይል ነበር። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ጀልባ አለው። በብርዱ ወራት ክፍሌ ደውሎ፣ ዓሣ ለማጥመድ «ቅዳሜ ፊሺንግ እንሂድ» ካለ፣ የተደወለለት ሰው ዘመድ አገር ቤት ሞቷል ማለት ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ክፍሌ ከዳለስ ኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነው። በፈረንጆቹ 2010 ጡረታ ከወጣ አንድ የዉድብሪጅ ሽማግሌ ላይ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ከነተሳቢው ገዛ። ሚስቱ ሃይማኖት ጀልባው ደጃፏ ላይ ቆሞ ስታየው «ሰው ቤት ይገዛል፣ አንተ ጀልባ!» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችው። ልጅ የላቸውም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ኩርፊያው ከሦስት ቀን አላለፈም።

 የተወለደው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ግን እዚያ ሳለ አንዲት ዓሣ ይዞ አያውቅም። ታላቅ እህቱ ልሳነወርቅ ውኃው አጠገብ እንዲደርስ አትፈቅድለትም ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። ደሴ ቴሌ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች፤ ቀኑን ሙሉ የሰውን ስልክ ስታገናኝ ትውልና ማታ መጥታ የክፍሌን ደብተር ታያለች። ሊያገቧት የመጡትን «ይሄ ልጅ ይደግልኝ» እያለች መለሰች፤ ልጁ ሲያድግ ጠያቂዎቹ አልነበሩም። ክፍሌ አገር ቤት ሰው አለኝ የሚለው እሷን ብቻ ነው። ከተለያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወረቀቱ እንቢ እያለ፣ ወረቀቱ ሲገኝ ሥራው እንቢ እያለ።

የሚያጠምደው ከፍሬድሪክስበርግ ወዲያ ያለ፣ ሸለቆ ተገድቦ የተሠራ ሐይቅ ላይ ነው። ውኃው ሲሞላ ሳይቆረጡ የቀሩ ዛፎች እስከ ዛሬ ከሥሩ ቆመዋል። ባስ የሚባለው ዓሣ በጋውን ዳር ዳር ሲል ይከርምና ብርዱ ሲገባ ወደ ጥልቁ ወርዶ የትናንሽ ዓሦችን መንጋ ይከተላል። ያን ጊዜ አንድ ማታለያ ቢጥሉለት ዞሮም አያይ። በ2012 ግን ክፍሌ አዲስ የወጣውን መሣሪያ ገዛ፤ «ጃንጥላው» ይለዋል። ከአንድ የእርሳስ ብረት ራስ አምስት ሽቦ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይዘረጋል፤ በየሽቦው ጫፍ መንጠቆ ያለበት የጎማ ዓሣ ይንጠለጠላል። ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲጎተት አምስት ትናንሽ ዓሦች ተያይዘው የሚሸሹ ይመስላል። አንዱን ያልፈለገ ባስ መንጋ ሲያይ ስስቱ ያሸንፈዋል፤ አንዳንዴም ሁለት ሆነው በአንድ ጊዜ ይይዙታል።

ጥበቡ ያለው መጣሉ ላይ ሳይሆን ማስጠሙ ላይ ነው። ቶሎ ከጎተቱት ከዓሣው በላይ ያልፋል፤ ከዘገዩ ሥር ያለው ዛፍ ይይዘዋል። ሌላው አጥማጅ ይህን በቁጥር ይለካል፤ ክፍሌ በአባታችን ሆይ ይለካል። ረጋ ብሎ ሲጸልይ፣ የዕለት እንጀራው ላይ ሲደርስ ጃንጥላው የዛፎቹን ጫፍ ያልፋል፤ አሜን ሲል ሠላሳ ጫማ ወርዶ ዓሣው ዘንድ ነው። «ጸሎቱንም ለባስ አዋልከው?» ብለው ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን ከልቡ ነበር የሚጸልየው፤ ሲጸልይም ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። ስልክም ጀልባው ላይ አይፈቀድም። አንዴ ውኃ ከበላበት ወዲህ የራሱንም የእንግዳውንም ስልክ ሰብስቦ መክደኛው ጥብቅ የሆነ ብርቱካንማ ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ያስወድደው ነበር። የገና ጾም ሲገባ ክፍሌ ከሐይቁ የሚያመጣውን ዓሣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ፌርፋክስ ያከፋፍላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዓሣው እስኪጠበስ ድረስ ብቻ ነበር። ችግሩ የመጣው የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዘርትሁን ስለዚያ ብርቱካንማ ሳጥን የሰሙ ዕለት ነው።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ይላል፤ ደግም ይላል። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን መስማት የለበትም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ቆሞ ነው የሚነገረው። ግን አገር ቤት በማለዳ የሚደረገው ነገር እዚህ ሰዉ ኦፍ እስኪሆን ይጠብቃል። ሰኞ የሞተ ሰው መርዶው ቅዳሜ ነው፤ ፓርኪንግ የሚገኘውም ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለመርዶውን ከፌስቡክ ማን ይጠብቀው? በ2012 ታኅሣሥ፣ የሄርንደኑ የመንገሻ ወንድም ጎንደር ላይ ሞተ። አቶ ዘርትሁን ለክፍሌ ደወሉ።

«ስማ ክፍሌ፣ ቅዳሜ መንገሻን ይዘኸው ውጣ። ሰው ቤቱ እስኪሰበሰብ ነው። ስልኩን መቼም ትወስድበታለህ።»

«አቶ ዘርትሁን፣ ቢያውቅብኝስ? ፊቴ ያሳብቅብኛል እኮ።»

«ዓሣውን እያየህ አውራው። እሺ በለኝና ልዝጋ፤ ብዙ የምደውልለት ሰው አለ።»

ክፍሌ እሺ አለ። ለመንገሻ የሚበጅ መስሎት ነው። የዚያን ቀን መንገሻ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ባስ ያዘ፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት በአንድ ጃንጥላ። እንደ ሕፃን ጮኸ። «አንሳኝ! አንሳኝ!» ብሎ ክፍሌን ስልኩን ከሳጥኑ አስወጥቶ፣ ዓሦቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ ተነሣ። ክፍሌ ካነሣው በኋላ ቶሎ ብሎ ስልኩን መልሶ ቆለፈው። ማታ ሄርንደን ሲደርሱ በሩ ላይ ሠላሳ ጥንድ ጫማ ነበር። መንገሻ ጫማዎቹን አየ፣ የዓሣውን ከረጢት አየ፣ ክፍሌን አየ። የውስጡ ልቅሶ የተጀመረው ከረጢቱን እንኳ ሳያስቀምጥ ነው።

ከአርባው በኋላ መንገሻ ክፍሌን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘው። አልጮኸበትም። «ወንድሜ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን እኔ ስስቅ ዋልኩ» አለው። «አንተ እያወቅህ አሳቅኸኝ። ያንን ፎቶ ዲሊት ማድረግ አቅቶኛል፤ ማየትም አቅቶኛል።» ይህን ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸው።

ክፍሌ ሁለተኛ አልወስድም ብሎ ማለ። አቶ ዘርትሁንን ግን እምቢ ብሎ የሚያሸንፍ ሰው በቨርጂኒያ የለም፤ ሁለት ሰው ደግሞ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተሰማ። ክፍሌ በደህና ቀን፣ በንጹሕ ልቡ «ፊሺንግ እንሂድ?» ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ አመድ እየመሰለ «ማን ሞተ?» ይለው ጀመር። ሰው አጣ። ብቻውን ማጥመድ የጀመረው ወዶ አይደለም።

ያልሸሸው በፈቃዱ የሚባለው ብቻ ነው። በፈቃዱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው፤ ውኃ ስለሚፈራ ጀልባው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከመንገሻ ነገር በኋላ አንድ እሑድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ክፍሌ ቃል አስገባው።

«የእኔ ሰው የሞተ ቀን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ኮል አድርገህም ንገረኝ፣ ግድ የለኝም። ሰው አትሰብስብብኝ። ፊሺንግ ምናምን ብለህ እንዳታዞረኝ።»

«አንተስ ምን አለህ? እትዬ ልሳን ብቻ ናት ያለችህ። እሷ ደግሞ እኛን ትቀብራለች» አለ በፈቃዱ።

«እሺ በለኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

በ2015 መጸው ክፍሌ ሁሉ ነገር ተሳካለት። ፓስፖርቱ ወጣ፣ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ተሰጠው፣ ለገና ትኬት ቆረጠ። ለእህቱ እግሯ ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ ለስላሳ ጫማ ገዝቶ ሻንጣው ውስጥ አኖረ። በየእሑዱ ጀልባውን ከማውረዱ በፊት ይደውልላትና ስንት ቀን እንደቀረ አብረው ይቆጥራሉ። ያለፈው እሑድ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የኖረለት ነገር እሱ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላያትን እህቱን አንድ ቀን፣ በሕይወት፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ሊያያት።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ሲወጣ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው አብራት የምትኖረው ትብለጥ ናት።

«ጋሼ፣ ጠበል ሄደዋል» አለችው።

«በሳምንቱ መሐል? የት ጠበል?»

«ራቅ ያለ ነው ጋሼ። ኔትወርክ የለውም። ስልኩን ለእኔ ትተውት ነው የሄዱት።» ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ክፍሌም ለጉንፋኑ ዝንጅብል በማር ጠጪ ብሎ ዘጋ።

ሐሙስ ማታ በፈቃዱ ደወለ። ስለ ሥራ አወራ፣ ስለ ብርዱ አወራ፣ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ «ቅዳሜ ፊሺንግ ብንሄድስ?» አለ።

ክፍሌ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። ውኃ የሚፈራ ሰው፣ ብርድ የሚጠላ ሰው፣ አትበለኝ የተባለውን ቃል አንድ በአንድ አለው። ሌላ ምን ይባላል? ሌላ ማንስ አለው? ክፍሌ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ከውስጡ የወጣው ግን «እሺ። በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣልሃለሁ፤ ወፍራም ካልሲ አድርግ» የሚል ነው። ራሱ እንዲህ ማለቱ ገረመው። ንገረኝ ብሎ ያስማለ ሰው፣ መንገሪያው ሲደርስ አልሰማም አለ። ካልተነገረው አልሞተችም፤ ጠበል ናት።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ የነበረው ነገር ለማንም አይስጠው። ሃይማኖት ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለች፤ ዓይኗ ቀልቶ «ሽንኩርት ነው» ትላለች፣ ሽንኩርት በሌለበት። ክፍሌ አርብ ሥራ ገባ፣ መንገደኞቹን አመላለሰ፣ ሻንጣ አወረደ፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለ። ማታ ጠረጴዛ ላይ የጃንጥላውን ሽቦዎች አንድ በአንድ አቃና። ሚስቱ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘችው። ሁለቱም የሚያውቁትን ሁለቱም ተደባብቀው ቆሙ። እድሩን የፈጠረ አምላክ ይየው፤ ይህን ያህል የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች በገዛ ቤታቸው አብረው ማልቀስ ተከለከሉ።

ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። በፈቃዱ ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ በላዩ የውኃ መንሳፈፊያውን አጥብቆ፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ክፍሌ በዛፎቹ ላይ አቁሞ ጃንጥላውን ወረወረና መጸለይ ጀመረ።

«ክፍሌ» አለ በፈቃዱ።

ክፍሌ እጁን አነሣ፤ ጸሎት ላይ ነኝ ማለቱ ነው። አሜን ሲል መጎተት ጀመረ፤ አመጣው፤ ባዶ ነው። ወዲያው መልሶ ወረወረ፤ ወዲያው መጸለይ ጀመረ። በፈቃዱ በመሐሉ አንዴ አፉን ከፈተ፤ የሚጸልይ ሰው አይቋረጥምና ዘጋው። እንዲህ ሦስት ሰዓት ሆነ። ክፍሌ በዕድሜው የዚያን ቀን ያህል አባታችን ሆይ ብሎ አያውቅም። ልቡ ግን ጸሎቱ ላይ አልነበረም፤ ቃሉን እንደ አጥር እየደረደረ በፈቃዱን ከውጭ አቆመው እንጂ። እግዜርም ሳያውቅበት አልቀረም። በፈቃዱ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ የጓደኛው ፊት አስፈራው፤ ጓደኛው እንደሚያውቅ ገብቶታል።

አራት ሰዓት አካባቢ ክፍሌ አሜን ብሎም ሳይጎትት ቀረ። እጁ ረሳው። ሲጎትት ጃንጥላው ሥር ያለውን ዛፍ ይዞ ነበር። ወደ ቀኝ ሳበው፣ ወደ ግራ ሳበው፣ ጀልባውን አዙሮ ከማዶ ሳበው። አምስቱም መንጠቆ የገባ ይመስል ንቅንቅ አላለም። የሚወረውረው ነገር አለቀ። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክሩ ውኃ ውስጥ የገባበትን ቦታ ያይ ጀመር።

«መቼ ነው?» አለ ሳይዞር።

በፈቃዱ ሳያስበው አለቀሰ። «ሰኞ። ሊነጋ ሲል።» ቀጥሎም «ሰው ቤትህ በዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል። እኔ የመጣሁት ላዞርህ አይደለም፤ ቃሌን ልጠብቅ ነው። ብቻህን ልነግርህ ነበር። ከዚህ ሌላ ብቻህን የማገኝህ ቦታ አጣሁ» አለ።

«አውቄ ነበር» አለ ክፍሌ።

«አላወቅህም። ሌላ አለ።» በፈቃዱ የጀልባውን ጠርዝ ለቀቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። «ደሴ ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። እሷው ራሷ ኮል አደረገችኝ። ለክፍሌ እንዳትነግረው፣ አደራ፣ ትኬቱን ቀዶ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ለገና ሲመጣ ድኜ ይደርስብኛል አለች። አደራ አለችኝ፣ ክፍሌ። ትድናለች ብዬ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት?»

«አዎ።»

«ሦስት ሳምንት በሕይወት ነበረች?»

በፈቃዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ክፍሌ ዞሮ አየው። ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ ቢመታውም ሰው አይፈርድበትም። በሦስት ሳምንት ደሴ ሄዶ ይመለስ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዞ ቀኑን ይቆጥር ነበር። ትኬት ነው የሚቀደደው፤ ወረቀት። ነገር ግን በፈቃዱን ሲያየው የሚስቀውን መንገሻን ፎቶ ያነሣው እጅ የራሱ መሆኑን አሰበ፤ ያኔ እሱም ለሰውዬው የሚበጅ መስሎት ነበር። ሊጠላው ሞከረ፤ ጥላቻው አልመጣለትም። የመጣለት እሑድ ነው።

እሑድ ዕለት የደወለላት እዚሁ፣ ጀልባ ማውረጃው ላይ ቆሞ ነበር። እንደ ሌላ ጊዜ ቶሎ አልለቀቀችውም። ጃንጥላው ምን ያህል እንደሚወርድ ጠየቀችው። ብርዱን ጠየቀችው። ሃይማኖትን ጠየቀችው። በልጅነቱ ሐይቁ ዳር በመሄዱ የገረፈችውን አንሥታ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሳቀባት። ሰማዩ ሊቀላ ጀምሮ ነበር፤ ዓሣው የሚበላው ያኔ ነው። «እትዬ ልሳን፣ ሊነጋብኝ ነው፤ ከውኃው ስወጣ እደውልልሻለሁ» አላት። «ምን ያስቸኩልሃል፣ ዓሣው የት ይሄድብሃል?» አለች። ከዚያ ግን «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለችው። የዚያን ቀን ዓሣው እሺ ብሎት ቆየ፤ ሲወጣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። እዚያ መሽቷል፣ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ትብለጥ ምን አለች?» አለ ክፍሌ። «እሑድ ማታ እንዴት ነበረች?»

«ተወው አሁን።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ ብዬህ ነበር።»

በፈቃዱ ዓይኑን አየው። «ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው ያመሸችው። ነርሷ ልታነሣው ስትል፣ ከውኃው ሲወጣ ይደውላል፣ ተይው አለቻት። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ነቅታ ነበር።»

ክፍሌ በጣቱ ቆጠረ። እሱ ከውኃው ሲወጣ በእሷ ሰዓት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እሱ ጀልባውን ተሳቢው ላይ ሲያስር፣ ዓሣውን በረዶ ውስጥ ሲደረድር፣ ተኝታለች ብሎ ሲያዝንላት፣ እሷ ነቅታ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰውን ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት። ያን ጊዜ ክፍሌ ጮኸ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ከማዶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አጥማጅ ትልቅ ዓሣ የያዘ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘለት። በፈቃዱ መፍራቱን ረስቶ ቆሞ፣ ጀልባው እየተናጠ፣ አቀፈው። 

ክሩን በቢላ ቆረጠው። ጃንጥላው እዚያው ቀረ። ጀልባውን አወጡ፣ ተሳቢው ላይ አሰሩ፤ በፈቃዱ መኪናውን እኔ ልንዳ አለና ቁልፉን ተቀበለ። ክፍሌ በተሳፋሪው በኩል ገብቶ ተቀመጠ። ሰዓቱ ስድስት ነበር፤ ደሴ ሁለት ሰዓት ከምሽቱ። ስልኩን አውጥቶ የእህቱን ቁጥር ደወለ። በፈቃዱ ቁልፉን ሳያዞር ጠበቀው።

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። ከኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ በር ተዘጋና ጸጥ አለ።

«ጋሼ?» አለች ትብለጥ። እንደተነገረው የሰማች አትመስልም። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ከጠበል አልተመለሱም እኮ… ኔትወርክ ስለሌለ ነው እንጂ ደህና ናቸው።» 

ይህች ልጅ እህቱን ሦስት ሳምንት አስታማለች፤ ስድስት ቀን ሙሉ ደግሞ ብቻዋን ስትደብቅለት ሰንብታለች።  አውቄአለሁ ሊላት ነበር፤ አላለም።

«እሺ ትብለጥ» አላት። «ስትመለስ፣ ክፍሌ ከውኃው ወጥቶ ደውሎ ነበር በያት።»